ከጋለፕ እስከ ቱባ ሲቲ፦ በናቫሆ ምድር ውሃና እንጨት ከሚያመላልሱ አረጋውያን ሚሲዮናውያን ጋር

ቅዳሜ፦ ጋለፕ

ከአልበከርኪ ተነስቶ በአይ-40 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው ጋለፕ ቅዳሜ ቢደርስ ይሻለዋል፤ ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ከጎዳናው በስተ ሰሜን ባለው ሜዳ ላይ ፒክአፖች ተደርድረው ይሸጣሉ፤ ድርቆሽ፣ የተፈለጠ እንጨት፣ የበግ ቆዳ፣ የቱርኩዝ ጌጥ፣ የጭስ ማውጫ ቧንቧ፣ የሰማያዊ በቆሎ ዱቄት አይጠፋም። በጥቅምት ደግሞ ፒንየን ከሚባለው ዛፍ የሚለቀመው ፍሬ ይወጣል። ዛፉ በየዓመቱ እኩል ስለማያፈራ የአንዱ ዓመት ዋጋ ለሌላው አይሠራም። ፍም ላይ የተጠበሰ የበግ ሥጋ ከተጠበሰ ቃሪያ ጋር በቂጣ ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ዶላር ይሸጣል። ቃሪያው ለሐበሻ ምላስ የሚስማማ፣ የሚያቃጥል ነው።

አብረናቸው የምንጓዘው አረጋውያን ባልና ሚስት ከሚያገለግሉበት ከቺንሊ ከተማ 90 ማይል ያህል ነድተው ነው የሚመጡት። የኋለኛው ቀን ቅዱሳን፣ በተለምዶ ሞርሞን የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ናቸው፤ ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ጡረታ ወጥተው ነው የገቡበት። እንደነሱ ያሉ አረጋውያን ደመወዝ የላቸውም። የቤት ኪራዩ፣ ቤንዚኑና ምግቡ ከራሳቸው ጡረታ ይወጣል። አገልግሎቱ ከ6 እስከ 23 ወር ይዘልቃል። እንደ ወጣቶቹ ሚሲዮናውያን በየቤቱ እያንኳኩ አይሰብኩም፤ ሥራቸው ያለውን ምእመን መደገፍና አካባቢውን ማገልገል ነው። ወጣቶቹ የወጣላቸውን ሰዓት ተከትለው ይሠራሉ፤ የእነዚህን ቀን የሚወስኑት መንገዱ፣ አየሩና የጎረቤት ችግር ናቸው።

ጋለፕ ድረስ የሚያስመጣቸው የዕቃው ዋጋና ምርጫ ነው። የናቫሆ ምድር፣ ናቫሆ የሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ አገር፣ በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ላይ የተዘረጋ 71,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ነው፤ ከአማራ ክልል ግማሽ ጥቂት ያንሳል። በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ ሙሉ ግሮሰሪ የሚባሉት ከአሥር ብዙም አይዘሉም። የዕለቱ ጭነት ይህ ነበር፦ ባለ 6 ኢንች የጭስ ማውጫ ቧንቧና ክርኑ፣ የቆዳ ጓንት፣ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና፣ ለመጠጥ ውሃ የተሠራ ነጭ ጎማ፣ እና ብሉ በርድ የሚባለው የስንዴ ዱቄት በጨርቅ ከረጢት። ዱቄቱ የሚፈጨው ኮሎራዶ ውስጥ ኮርቴዝ ከተማ ነው። የናቫሆ እናቶች ቂጣና ጥብስ ዳቦ ሲያስቡ ከዚህ ሌላ አያምኑም፤ ከረጢቱም ታጥቦ ሽርጥ ይሆናል። ለሰው ቤት ይዞ መሄድ ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ዊንዶው ሮክና ጋናዶ

ከጋለፕ ዊንዶው ሮክ 25 ማይል ያህል ነው፤ መንገዱ ጥሩ አስፋልት ነው። የናቫሆ መንግሥት መቀመጫ ይህች ናት። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው መሐሉ ከተቦረቦረው ቀይ ዐለት ነው፤ ከሥሩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቋንቋቸው ምስጢር ያስተላለፉት ወታደሮች መታሰቢያ ቆሟል። ሬድዮ የሚከፍት ሰው 660 ኤኤም ላይ በናቫሆ ቋንቋና በእንግሊዝኛ የሚያሰራጨውን ኬቲኤንኤን ያገኛል። ባልና ሚስቱ ጠዋት የሚከፍቱት እሱን ነው። ቋንቋውን ባይችሉም የቦታ ስም ይለዩበታል፤ የአየር ሁኔታውንና የመንገዱን ወሬ ደግሞ ጎረቤት ይተረጉምላቸዋል።

ጥብስ ዳቦውም ታሪኩ ከዚህ ሕዝብ መከራ ጋር የተያያዘ ነው። በ1864 የአሜሪካ ጦር ናቫሆዎችን በእግር እየነዳ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ወዳለው ወደ ቦስኬ ረዶንዶ ወሰዳቸው። እዚያ የተሰጣቸው ዱቄትና ስብ ነበር፤ ዳቦው ከዚያ መጣ ይባላል። በ1868 ውል ፈርመው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከጎረቤቶቻቸው ብዙዎቹ ስለዚያ ጉዞ ማውራት አይወዱም፤ ባልና ሚስቱም ካልተነሳ አያነሱም።

ጋናዶ ላይ ከ1878 ጀምሮ የቆየው የሀብል ንግድ ቤት አለ፤ አሁን በብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ምንጣፉ ውድ ነው፣ መግቢያው ነፃ። የፕረስቢቴሪያን ሚስዮንም በ1901 እዚሁ ጋናዶ ሥራ ጀምሯል። እዚህ አገር የሚመጣ ሚሲዮናዊ ሁሉ ከእሱ በፊት የመጡ፣ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት የከፈቱ፣ አንዳንዶቹም ልጅ ከወላጅ የለዩ እንዳሉ አውቆ ቢገባ ደግ ነው።

እሑድ፦ ቺንሊ

ጸሎቱ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ቅዳሴ ለለመደ ሰው ሳይታወቀው ያልቃል። የባልና ሚስቱ እሑድ የሚጀምረው ግን ከዚያ በፊት፣ ሰው በማምጣት ነው። መኪና የሌላቸው አረጋውያን ከዋናው መንገድ በብዙ ማይል ይርቃሉ፤ አድራሻም የላቸውም። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ስለሌለ ሚስትየዋ የያዙት ደብተር ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው፦ ከድልድዩ በኋላ ሁለተኛው የከብት መከላከያ ፍርግርግ፣ ግራ፣ ነጭ የውሃ ሮቶ እስኪታይ፣ ከዚያ አሮጌ የትምህርት ቤት አውቶቡስ። ስልኩ ላይ ደግሞ የየቤቱን የካርታ ነጥብ አስቀምጠዋል። የካርታው ምስል አስቀድሞ ካልወረደ ኔትዎርክ በሌለበት ነጥቡ ብቻውን አይረዳም።

ቤት ደርሶ ማንኳኳት የለም። መኪናውን ትንሽ ራቅ አድርጎ ማቆም፣ ሞተሩን ማጥፋትና ሰው እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ካልወጣ፣ ወይ ሰው የለም ወይ እንግዳ የሚቀበሉበት ሰዓት አይደለም፤ ተመልሶ መሄድ ነው። ውሾቹም ሌላ ምክንያት ናቸው። ሰላምታው በለስላሳው እጅ መንካት እንጂ እንደ ፈረንጅ ጨብጦ መነቅነቅ አይደለም። ዓይን ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው፤ በጣት መጠቆምም እንዲሁ፣ በከንፈር ነው የሚጠቆመው። አሮጊቷን እናት ሺማሳኒ ብሎ መጥራት ያስደስታል፤ እኛ እማማ እንደምንለው ማለት ነው።

ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅ አራት ጎሳ ይቆጥራል፦ የእናቱን፣ የአባቱን፣ የእናቱን አባት፣ የአባቱን አባት። ልጅ የእናቱ ጎሳ ነው፤ በአንድ ጎሳ ውስጥ መጋባት ክልክል ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚዳር የሐበሻ ሰው ይህ ሳይብራራ ይገባዋል።

ከጸሎቱ በኋላ ባልና ሚስቱ አረጋውያኑን ቤታቸው ሲመልሱ ቡና ይቀርባል። ናቫሆዎች ቡና ይወዳሉ፤ ሞርሞኖች ግን ቡናም የተለመደውን ሻይም አይጠጡም። መውጫው የናቫሆ ሻይ ነው፦ ከሜዳ የሚለቀም ቀጭን ቅጠል፣ ከነአበባው ታጥፎ በክር የታሰረ፣ አንዱ እስር በአንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ይፈላል። ባለቤቶቹ የባልና ሚስቱን ልማድ ስለሚያውቁ ሳይጠየቁ እሱን ያፈሉላቸዋል። ውሃ በጀሪካን በሚመጣበት ቤት የቀረበን ስኒ ሳይጨርሱ መተው ደስ አያሰኝም፤ ጠብታ አያስተርፉም።

አንድ ነገር እዚህ መነሳት አለበት። ይኸው ቤተ ክርስቲያን ከ1947 ጀምሮ፣ በ1954 ደግሞ በይፋ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ልጆች በትምህርት ዘመን ነጭ ሞርሞኖች ቤት የሚያሳድር ፕሮግራም ነበረው፤ በ2000 አካባቢ ቆመ። ተምረንበታል ብለው የሚያመሰግኑ አሉ፤ ቋንቋዬን አጣሁበት የሚሉ አሉ፤ ከ2016 ጀምሮም ጥቃት ደርሶብናል ያሉ የቀድሞ ተማሪዎች ፍርድ ቤት ሄደዋል። ባልና ሚስቱ ሦስቱንም ዓይነት ሰው በአንድ መንደር ያገኛሉ። ስለዚህ ልጅ አይጠይቁም፣ ፎቶ አያነሱም፣ ወላጅ ካልጠራቸው በልጆች ጉዳይ አይገቡም። ትክክል ናቸው።

ሰኞ፦ ቺንሊ

የልብስና የመኪና ቀን ነው። የጎማ ነፋስ ይለካል፣ የበርሜል ማሰሪያ ቀበቶ አንድ በአንድ ይፈተሻል፤ አሸዋ የበላው ቀበቶ ጠርዙ ሲያብብ ይጣላል። ግሮሰሪ ውስጥ ደረሰኙን ማየት ያስደስታል፦ በናቫሆ ሕግ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ከሽያጭ ታክስ ነፃ ነው፣ ለስላሳና ቺፕስ የመሰለው ግን ከኤፕሪል 2015 ጀምሮ 2 በመቶ ተጨማሪ ይከፍላል። አልኮል ከካዚኖ የመሰሉ ጥቂት ቦታዎች በቀር በመላው ምድር ክልክል ነው።

ማክሰኞ፦ ከቺንሊ ወጣ ብሎ፣ ውሃ

ከናቫሆ ቤቶች ሦስት እጅ ላይ አንዱ ያህል የቧንቧ ውሃ የለውም። ሰው ውሃ የሚቀዳው ከቻፕተር ቤት ነው፤ ቻፕተር እንደ ቀበሌ ያለ አስተዳደር ሲሆን በጠቅላላው 110 ናቸው። ክፍያው ትንሽ ነው፤ ውዱ ቤንዚኑና ሰዓቱ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው በብረት ፍርግርግ የታቀፈውን ባለ 275 ጋሎን ፕላስቲክ ሮቶ ነው። እሱ ሲሞላ ውሃው ብቻ 1,040 ኪሎ ይመዝናል። ተራ ፒክአፕ የሚችለው እንደ ሞዴሉ ከ700 እስከ 900 ኪሎ ነው። ግማሹን ልሙላ ቢሉ ደግሞ ውሃው ኮሮኮንች ላይ ወዲያና ወዲህ ይማታል፤ ኩርባ ላይ መኪናውን ይገፋዋል። ሽማግሌው የሚጭኑት ሦስት ሰማያዊ በርሜል ነው፣ እያንዳንዱ 55 ጋሎን፣ ወደ 208 ሊትር። እስከ አፉ ስለሚሞላ አይማታም። ሦስቱ ከነበርሜላቸው 650 ኪሎ ያህል ይሆናሉ፤ ሁለት ሰው ሲጨመር የመኪናው ልክ ነው። በርሜሎቹ ከሹፌሩ ክፍል ጀርባ ተጠግተው ይቆማሉ፣ በሁለት ቀበቶ ከላይና ከወገብ ይታሰራሉ፤ ከተነሱ ከጥቂት ማይል በኋላ ቆመው ቀበቶውን ያጠብቃሉ፣ መንገዱ ያላላዋልና።

በርሜሉ ምግብ ወይም ሽሮፕ የነበረበት መሆን አለበት። ሳሙና፣ ዘይት ወይም መድኃኒት የነበረበት በምንም አይጠራም። ማጽጃው አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና ለአንድ ሊትር ውሃ ነው፤ ውስጡ ሁሉ እስኪርስ ይገለበጣል፣ ከ30 ሴኮንድ ያላነሰ ይቆያል፣ ይደፋል፣ ይደርቃል። የውሃ ጎማው ሁለት ጫፍ በፕላስቲክ ታስሮ ይጓዛል፤ መሬት የነካ ጫፍ ታጥቦ ካልሆነ በርሜል ውስጥ አይገባም። ጥርጣሬ ያለበት ውሃ ከሆነ ለአንድ ጋሎን 8 ጠብታ ባለ 6 በመቶ በረኪና ይጨመርና 30 ደቂቃ ይጠበቃል።

በረኪና የሚገድለው ተሕዋስያንን ብቻ ነው። በሜዳው ላይ በነፋስ የሚሠሩ ፓምፖች ያሉባቸው የከብት ጉድጓዶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ዩራንየምና አርሴኒክ ተገኝቷል። ከ1944 እስከ 1986 እዚህ ዩራንየም ይወጣ ነበር፤ ከ500 በላይ የተተዉ የማዕድን ማውጫዎች ቀርተዋል። እነዚህን ማዕድናት በረኪና አያጠፋቸውም፤ ማፍላት ደግሞ ውሃውን እያተነነ ያበዛቸዋል። ጎረቤት ከብት ሲያጠጣበት ስላዩት ብቻ ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ መቅዳት አይገባም።

ማራገፉ የራሱ ዘዴ አለው። የቤቱ ሮቶ መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ፒክአፑ ከፍ ባለው በኩል ይቆማል፣ ጎማው በውሃ ተሞልቶ ጫፉ በአውራ ጣት ይደፈናል፣ ወደ ታች ሲለቀቅ ውሃው በራሱ ይወርዳል። በአፍ መሳብ አያስፈልግም። ቦታው ሜዳ ከሆነ በመኪና ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ ትገናኛለች። ከኅዳር በኋላ ጎማው ውስጥ የቀረ ውሃ ይበርዳል፤ ሁልጊዜ ተንጠልጥሎ ይፈሳል።

ሮቶው እስኪሞላ የቤቱ አሮጊት ምሳ አቀረቡ፦ የበግ ቅቅል ከድንችና ካሮት ጋር፣ ከጎኑ የሰማያዊ በቆሎ ገንፎ። ገንፎው ውስጥ አመድ ይገባል፤ አመዱን የሚያዘጋጁት እንዲህ ነው። የጥድ እርጥብ ጫፍ በንጹሕ ብረት ላይ ያቃጥላሉ፣ ሲበርድ በወንፊት ይነፉታል፣ የሚቀረው እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ነው። ሦስት ኩባያ ውሃ ሲፈላ አንድ የሻይ ማንኪያ አመድ ይገባል፣ ከዚያ አንድ ኩባያ የተቆላ የበቆሎ ዱቄት እየተማሰለ ይጨመራል። አመዱ ሲገባ ገንፎው ወደ ጠለቀ ሰማያዊ ይለወጣል። ወተት እምብዛም በማይጠጣበት አገር ካልሲየሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከኛ ገንፎ ይቀጥናል፣ ከአጥሚት ይወፍራል፤ ጨው የለውም፣ ሽታው የጥድ ነው።

ረቡዕ፦ ከፍ ያለው ደን፣ እንጨት

እስከ 2019 ድረስ በካየንታ ከተማ ዙሪያ ያሉ ብዙ ቤቶች በአካባቢው ካለው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫ በሚያገኙት ከሰል ይሞቁ ነበር። ማዕድኑ በዚያ ዓመት ሲዘጋ የእንጨት ፍላጎቱ ጨመረ። ሚሲዮናውያኑ ፈቃድ ያለው የናቫሆ ሰው ይዘው ነው የሚወጡት፤ ያለ ፈቃድ እንጨት መቁረጥ አይቻልም፣ ቦታውንም መምረጥ የባለቤቱ ነው።

የሚቆረጠው የሞተና የደረቀ ጥድና ፒንየን ነው። ጥዱ የኛው የሐበሻ ጥድ ዘመድ ነው፤ ሽታው ይመሰክራል። ፍሙ ጠንካራ፣ ጭሱ ትንሽ ነው። ፒንየን ሙጫ ስላለው ቶሎ ይያያዛል፣ ግን እርጥብ ከሆነ የጭስ ማውጫውን በጥቁር ቅባት ይለጥፈዋል፤ የቤት እሳት የሚነሳው ከዚያ ነው። የእንጨት መለኪያው ኮርድ ሲሆን 128 ኪዩቢክ ፊት ወይም 3.6 ሜትር ኩብ ነው። ፒክአፕ በደንብ ተደርድሮ ግማሹን ያህል ይይዛል፤ ያም ከ600 ኪሎ ያላነሰ ይመዝናል። ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መፍለጥ ለማይችሉ አሮጊቶች ደግሞ ክንድ እስኪያህል ተሰንጥቆ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይደረደራል። ሜዳ ላይ ዘርግፎ መሄድ ግማሽ ሥራ ነው፤ በረዶ ሲወርድ ከሥሩ ተጣብቆ ይቀራል።

መብረቅ የመታው ዛፍ አይነካም። ከላይ እስከ ታች የተጠማዘዘ ጠባሳ ያለበት ግንድ ምንም ቢደርቅ ይታለፋል፤ አንድ ጉማጅ እንኳ ከጭነቱ ጋር ከተቀላቀለ ቤተሰቡ ጭነቱን በሙሉ አይፈልገውም። እንዲሁም በሰሜን ግድግዳው የተሸነቆረ ባዶ ሆጋን (የናቫሆ ባህላዊ ቤት) ካለ ሰው የሞተበት ነው፤ ከእሱ እንጨት አይወሰድም፣ ወደ ውስጥም አይገባም። የሆጋን በር ወደ ምሥራቅ ነውና ሌላ ቀዳዳ ሲታይ ወዲያው ይታወቃል።

ሰው ሲሞት ብዙ ቤተሰብ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይደውላል። በባህሉ አስከሬንን መንካትና የሟችን ስም ደጋግሞ መጥራት ስለሚፈራ መቃብር መቆፈር፣ ሣጥን መሸከምና አፈር መመለስ ለሚሲዮናውያን ሲወድቅ ኖሯል። ሐዘኑ አራት ቀን ነው። የኛ እድር ድንኳን ተክሎ ሳምንት ሲያስለቅስ ለለመደ ሰው ዝምታው ይከብዳል፤ ሚስትየዋ ግን ምግብ አብስለው ያስገባሉ፣ ሳያወሩ ዕቃ ያጥባሉ፣ ይወጣሉ።

ሐሙስ፦ ከሜኒ ፋርምስ ወደ ካየንታ

በመንገድ 59 ወደ ካየንታ ሲኬድ ራፍ ሮክ ላይ በ1966 የተከፈተ፣ ማኅበረሰቡ ራሱ ማስተዳደር የጀመረው የመጀመሪያው የነባር ሕዝቦች ትምህርት ቤት አለ። አስፋልቱ ላይ ችግር የለም፤ ችግሩ ወደ ቤቶች የሚገነጠለው አፈር ነው። ሌሊት ዘንቦ ነበር። አፈሩ ከጥንት የእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ ቤንቶናይት አለበት፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ዋልካ የሚያውቅ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል። ጎማው ጥርሱ በጭቃ ተሞልቶ ለስላሳ ሆነና ፒክአፑ በአራቱም እግሩ እየነዳ ወደ ቦዩ ተንሸራተተ። እንዲህ ሲሆን ነዳጅ መስጠት መቅበር ብቻ ነው። ሽማግሌው ሞተሩን አጠፉ፣ ከጎማዎቹ ፊት በአካፋ ጠረጉ፣ የጎማውን ነፋስ ወደ 20 ፒኤስአይ አወረዱ፣ ከዚያ ጠበቁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ጎረቤት በሰንሰለት ጎትቶ አወጣቸው። ገንዘብ አይቀበልም፤ ማምሻውን ዱቄትና እንጨት ከደጁ ተራገፈ። በብርዱ ወራት እንዲህ ያለ መንገድ የሚኬደው ከንጋት በፊት፣ ጭቃው በበረደበት ሰዓት ነው፤ መመለሻው ፀሐይ ሳያቀልጠው ነው፣ ካልሆነ እስከ ማታ እዚያው መዋል ነው። ሌሊት አስፋልት ላይም ቢሆን ፈረስና ላም አለና ቀስ ማለት ነው።

ካየንታ ላይ የናቫሆ ታኮ፣ ማለትም ጥብስ ዳቦ ከባቄላ፣ ከተፈጨ ሥጋና ሰላጣ ጋር፣ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ዓርብ፦ ቱባ ሲቲ

ከካየንታ 72 ማይል ነው። ቱባ ሲቲ ሞርሞኖች በ1870ዎቹ የሰፈሩባት ከተማ ናት፤ ስሟ የመጣው ወዳጃቸው ከነበረው ቱቪ ከተባለ የሆፒ መሪ ነው። በ1903 መንግሥት ንብረታቸውን ገዝቶ አስወጣቸው።

እዚህ ቀጠሮ ሲያዝ የማን ሰዓት እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። አሪዞና በበጋ ሰዓት አትቀይርም፣ የናቫሆ ምድር ግን ይቀይራል፣ በመሐሉ ያለው የሆፒ ምድር ደግሞ አይቀይርም። በጥቅምት ቱባ ሲቲ ስድስት ሰዓት ሲሆን መንገዱን ተሻግሮ ያለው የሆፒ መንደር ሞኤንኮፒ ገና አምስት ሰዓት ነው። ስልኩም ከየትኛው ምሰሶ እንደተገናኘ ስለማይታወቅ ይሳሳታል። ሚስትየዋ የእጅ ሰዓታቸውን በናቫሆ ሰዓት አስረው፣ የሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲይዙ ለሰዎቹ ሁለቱንም ሰዓት በወረቀት ጽፈው ይሰጣሉ።

ዓርብ ገበያ ነው። የተቀቀለ የደረቀ በቆሎ ከበግ ሥጋ ጋር በትልቅ ድስት ይሸጣል፣ በስብ ላይ የተጠቀለለ የበግ አንጀት ፍም ላይ ይጠበሳል፤ ዱለት የሚወድ ሰው ሊያልፈው አይገባም። ባልና ሚስቱ ጥሬ ገንዘብ በትናንሽ ኖት ይይዛሉ፤ ካርድ የሚቀበል ጥቂት ነው፣ 100 ዶላር የሚመነዝር ደግሞ የለም። የመጨረሻ ግዢያቸው ሁለት እስር የናቫሆ ሻይና ለሺማሳኒ ምድጃ የሚሆን የብረት አመድ ማውጫ ነበር። ከዚህ ወደ ፍላግስታፍ 80 ማይል ያህል ይቀራል። ወደ ቺንሊ የሚመለስ ግን ቤንዚኑን እዚሁ ይሙላ፤ በሆፒ ኮረብታዎች በኩል ያለው መንገድ 264 ላይ ማደያው የተራራቀ ነው፣ ማታ ደግሞ ይዘጋል።